ወደ ሰው አገር ለሚሄድ ተማሪ ስንቁ ምንድን ነው?

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ የሌላውን አገር ለማየት ሲነሣ ከሁለት ዐይነት ዐይን አንዱን ይዞ ይሄዳል። አንደኛው የሰላይ ዐይን ነው፤ ሁለተኛውም የተማሪ ዐይን ነው። ሙሴ ከየነገዱ የተመረጡትን ዐሥራ ሁለት ሰዎች ወደ ከነዓን በላካቸው ጊዜ የሰጣቸው ትእዛዝ፣ ልብ ብለን ብንመለከተው፣ በዛሬው ዘመን የእርሻ ተማሪ ከሚታዘዘው እጅግ የራቀ አይደለም። መሬቱ የሰባ ወይም የከሳ መሆኑን፣ ዛፍ ያለበት ወይም የሌለበት መሆኑን እንዲመለከቱ፣ ከፍሬውም ይዘው እንዲመጡ ነበር የታዘዙት። እነርሱም አርባ ቀን ዞረው ወይኑን በመሎጊያ ተሸክመው፣ ሮማኑንና በለሱን ይዘው ተመለሱ። ነገር ግን ያዩት አገር አንድ ሲሆን ያመጡት ቃል አንድ አልሆነም። ዐሥሩ ያዩት የገዛ ፍርሃታቸውን ነበር፤ አገሩን ያዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወደ ሰው አገር መሄድ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም፤ ተጓዡ ከቤቱ ይዞት የወጣው ልብ ነው በደረሰበት አገር የሚያየውን የሚወስንለት።

ይህን ለመናገር የተነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ካሉት ወረዳዎች ልጆች ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ለአንድ ልጅ የመሄጃው ቀን የተቈረጠ እንደ ሆነ በቤቱ ውስጥ የሚሆነውን እናንተ አባቶችና እናቶች ታውቁታላችሁ። በርበሬው ይደለዛል፤ ሽሮው ይፈጫል፤ እንጀራው ተቈራርሶ በፀሐይ ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል፤ በሶውና ዳቦ ቆሎው ይዘጋጃል። ሻንጣው ሞልቶ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በአውሮፕላን ከሚፈቀደው ኪሎ እንዳያልፍ ተከፍቶ ይመዘናል፤ እናትም የምትቀንሰው ነገር ጠፍቷት የልጇን ሹራብ ታወጣና ሽሮዋን መልሳ ታስገባለች። ይህ ፍቅር ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለሆዱ ስንቅ እንዲህ የተጨነቅንለት ልጅ ለአእምሮው የያዘው የአገር ስንቅ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚለካ ሚዛን በማናችንም ቤት የለም።

ከዚህ ቀደም ያስተማርሁት አንድ ልጅ አለ። የገበሬ ልጅ ነው። በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ በዩኒቨርሲቲ የዕፀዋትን ትምህርት ተምሮ በማዕርግ ተመረቀና ሁለተኛውን ዲግሪ ለማግኘት ወደ ሆላንድ ሄደ። ከሆላንድ መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ሕዝቡም ባሕሩን በግድብ አጥሮ፣ ውሃውን እየመጠጠ አውጥቶ፣ ቀድሞ ዓሣ ይዋኝበት በነበረው ስፍራ ድንችና ስንዴ ይዘራበታል። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ በስልክ ጠርቶኝ፣ «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን ከባሕር ውስጥ ጎትተው አወጡት፤ እኛ ግን ያለንን አፈር በየክረምቱ ለዓባይ እናስረክባለን» አለኝ። አነጋገሩ ደስ አሰኘኝ፤ የተማሪ ዐይን ይዞ እንደ ሄደ ከዚህ አወቅሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን መምህራኑ እርሱንና ከልዩ ልዩ አገር የመጡትን ጓደኞቹን የአገሩን እርሻና አኗኗር እንዲያዩ ወደ አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ወሰዷቸው። በረቱንና ማሳውን ካዩ በኋላ ወደ ማእድ ተጠሩ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና እርሱ ከወተቱና ከአይቡ ሳይነካ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ብቻ በላ። በዕድሜ የገፋችው የቤቲቱ እመቤት ይህን አይታ ምክንያቱን ጠየቀችው፤ እርሱም ነገራት። «ታዲያ ጕልበት ከወዴት ታገኛላችሁ?» ብትለው ባቄላውን፣ አተሩን፣ ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ተልባውን፣ ኑጉንና ሱፉን ቈጠረላት። አብሮት የነበረ አንድ ተማሪም፣ «ከቈጠርሃቸው አብዛኞቹ እኮ ናይትሮጅን ከአየር ወስደው መሬቱን የሚያሰቡ አዝርዕት ናቸው፤ ጾማችሁ ለካ ማሳችሁንም ይመግባል» ብሎ ተደነቀ።

ከዚያም እመቤቲቱ ከመደርደሪያዋ የብርጭቆ ማሰሮ አውርዳ ከእናቷ የወረሰችውንና በየሳምንቱ ዱቄትና ውሃ እየጨመረች የምታኖረውን እርሾ አሳየቻቸው። ልጁ፣ «የእኛም እንጀራ በእርሾ ነው» አለና ሥዕሉን በስልኩ ቢያሳያት እርስዋ አተኵራ ተመለከተችና፣ «እነዚህን ሁሉ ዐይኖች ከወዴት ያገኛል?» ስትል ጠየቀችው። ያ ልጅ የጤፍን የሳይንስ ስም ያውቃል፤ የጤፍ ሕዋስ አርባ ክሮሞሶም እንዳለው ያውቃል፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 የሚበልጥ የጤፍ ፍሬ እንደሚገኝ ያውቃል። እናቱ በየሦስት ቀኑ ስትጋግረው የኖረችው እንጀራ ዐይን ከወዴት እንደሚመጣ ግን አያውቅም ነበር። «ነገ እነግርዎታለሁ» ብሎ ወጣ።

በዚያው ሌሊት ለእናቱ ደወለ። የሌሊት ስልክ ክፉ ነገር ይዞ እንደሚመጣ እናት ሁሉ ትፈራለችና እርስዋም ደንግጣ ተነሣች። እርሱ ግን፣ «እማዬ፣ እንጀራ ስትጋግሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ» አላት። እርስዋም ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ በብርድ ወራት ሦስት ቀን ያህል እንደሚቈይ፣ ከላይ የተንሳፈፈው ቢጫ ውሃ እንደሚቀዳ፣ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውሃ ላይ ተማስሎ አብሲት ሆኖ እንደሚመለስበት፣ አብሲት የሌለው እንጀራ ዐይን እንደማያወጣ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲነሣ ምጣዱ በጎመን ዘር ታሽቶ እንደሚሰፋበትና አክንባሎው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደፋበት አንድ በአንድ አስረዳችው። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ አግኝታኝ ይህን ነገር ስትነግረኝ ዐይንዋ እንባ ሞልቶ ነበር። «መምህር፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት እናንተ አስተማራችሁት፤ ያን ሌሊት ግን እኔ ፊደል አስቈጠርሁት» አለችኝ።

የዚህችን ሴት እንባ ምክንያት አስቤ ነበር። ልጅዋ በሄደ በስምንት ወር ውስጥ ደውሎ የሚጠይቃት ጤናዋን ብቻ ነበር፤ እርስዋም የምትነግረው ሌላ ነገር አልነበራትም። እርሱ ባወቀ መጠን እርስዋ የማታውቅ እየሆነች፣ እርሱ በራቀ መጠን ቤቱ እያነሰ ይሄድ ነበር። አሁን በየእሑዱ ስለ ቤቱና ስለ ማሳው አንድ አንድ ነገር ይጠይቃታል። ትምህርቱን ሲፈጽም ይመለስ ወይም አይመለስ እንደ ሆነ እርስዋም እኔም ገና አናውቅም። አባቱ አርጅቷል፤ እርፉን የሚጨብጥለትም የለም። ነገር ግን የሚጠይቅ ልጅ መንገዱን አልዘጋም።

በጥንቱ ትምህርት ቤት ተማሪ እንጀራን ሳያውቅ መማር አይችልም ነበር። የአብነት ተማሪ ባሕር ባይሻገርም የሚሄደው ወደ ሰው አገር ነው። ከአቸፈር ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከሸዋና ከወሎም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ለቅኔ ይሄድ ነበር። እኔም በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዤ፣ ከእናቴ ቤት የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቄ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ተምሬአለሁ። ቀፈፋ የሚያውቀው ሰው ያውቀዋል። ማታ ወደ ጎጆአችን ተመልሰን የየአኩፋዳችንን ስንዘረግፍ የአገሩ አዝመራ በፊታችን እንደ መጽሐፍ ይገለጥ ነበር። ነጩ ጤፍ ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ፣ ጥቁሩ ዳጉሳ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ፣ የገብሱ እንጀራ እስኪመሽ ድረስ ለምን እንደ ተሰነጣጠቀ እናውቅ ነበር። በጥር ወር አኩፋዳው ከብዶ ትከሻ ይቈርጣል፤ በነሐሴና በመስከረም አዲሱ እህል ሳይደርስ ይቀልላል። ከአንድ ጎጥ ድንች ብቻ ከመጣ በዚያ ጎጥ ገብሱን ውርጭ እንዳገኘው ማንም ሳይነግረን እንረዳ ነበር።

የኔታም ስለዚህ ነገር አንድ ሕግ ነበራቸው። ከቀፈፋ ያመጣነውን ቍራሽ ይህ መልካም ነው፣ ይህ መጥፎ ነው ብለን እንድንለይ አይፈቅዱልንም ነበር። «እንጀራውን አትመልከት፤ የሰጠችህን እጅ ተመልከት» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ይህ የትሕትና ትምህርት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን የሰው አገር ለሚያጠና ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ሥርዓት ነው። ድኻዋ ሴት የዳጉሳ ቍራሽ ስትሰጥ የምትሰጠው ከሚተርፋት አይደለም፤ ከመሬቷ፣ ከዝናሟና ከድካሟ ነው። ይህን ያላየ ተማሪ ምግቡን በላ እንጂ አገሩን አላወቀም።

ከዚህ ትምህርት የወጡ ሰዎች ርቀው በሄዱ ጊዜ አገራቸው አልጠፋባቸውም። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ነበር። በኋላ ጠላት ማርኮ ወደ ኢጣልያ ወሰዳቸው፤ ከነጻነትም በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በለንደን መንግሥታቸውን አገልግለዋል። ይህን ያህል ዘመን ውጭ አገር የኖሩት ሰው በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ባላገር እርሻና ግብር፣ ድግስና ሙግት፣ ከቤቱ ወጥቶ እንደማያውቅ ሰው አድርገው ጽፈውታል። ሩቅ አገር የአገራቸውን ዕውቀት አላስረሳቸውም።

እኛ ወደ ሰው አገር እንደምንሄድ ሁሉ ሌሎችም ወደ እኛ አገር መጥተዋል። ከእነርሱም መካከል የተማሪ ዐይን የነበረው አንድ ሰው ልጥቀስላችሁ። ስሙ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል፤ የመስኮብ አገር የዕፀዋት ሊቅ ነበር። እንደ እኛ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ጓዝ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም፣ ከዚያም ወደ አስመራ ተጓዘ። በየመንገዱም ከገበሬው ማሳና ከገበያው የስንዴ፣ የገብስ፣ የጥራጥሬና የጤፍ ዘር እየሰበሰበ በሺህ የሚቈጠር ናሙና ወሰደ። ይህ ሰው ከብዙ አገር ጉዞ በኋላ ኢትዮጵያን ልዩ ልዩ አዝርዕት ከተገኙባቸው ከጥቂቶቹ የዓለም ምንጮች መካከል ቈጠራት። የእኛ ገበሬ በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙ ዐይነት ስንዴ ቀላቅሎ መዝራቱን ሌሎች እንደ ድንቍርና ሲያዩት እርሱ ግን በዚያ ድብልቅ ውስጥ የብዙ ሺህ ዘመን ጥበብ አየበት።

ፍጻሜው ግን እጅግ ያሳዝናል። በ1932 ዓ.ም. በአገሩ መንግሥት ተያዘ፤ ከተከሰሰባቸውም ነገሮች አንዱ ስለላ ነበር። ተማሪ ሆኖ ዓለምን የዞረው ሰው ሰላይ ተባለ። የዓለምን ሕዝብ ከረኀብ ለማዳን ዘር ሲሰበስብ የኖረው ሰው በጥር 1935 ዓ.ም. በእስር ቤት ውስጥ በረኀብ ተጎሳቍሎ ሞተ። በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ ከተማ ወደ 900 ለሚጠጋ ቀን በጠላት ተከባ ሕዝቡ በረኀብ ሲያልቅ፣ እርሱ የሰበሰበውን ዘር የሚጠብቁ የሥራ ባልደረቦቹ በእጃቸው ያለውን እህል ሳይበሉ ሞቱ። የሩዙን ዘር የሚጠብቀው ሰው በሩዝ ከረጢቶች መካከል በረኀብ እንደ ሞተ ይነገራል። አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ዘር መካከል ከእኛ ማሳ የተለቀመ እንደ ነበረበት አስተውል። የሰጠቻቸውን እጅ የተመለከቱ ሰዎች እነዚህ ናቸው።

በእኛም አገር በ1968 ዓ.ም. የአዝርዕት ዘር የሚጠበቅበት ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቍሟል። ማእከሉን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘር በቀዝቃዛ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅና ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ስለ ደከሙ በ1982 ዓ.ም. በስዊድን አገር የሚሰጠውን የታወቀ ሽልማት ተቀብለዋል።

ነገር ግን እንግዳ ሁሉ እንደ ቫቪሎቭ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከአገራችን መሥሪያ ቤት ጋር ስለ ጤፍ ተዋውሎ ነበር። ከሚገኘው ጥቅም ለኢትዮጵያ እንዲያካፍል ተስማምቶ ሳለ ጥቅሙ ሳይመጣ ቀረ፤ ይልቁንም በ1999 ዓ.ም. በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት ወሰደ። እናቶቻችን ሲያቦኩትና ሲጋግሩት የኖሩት ነገር በባዕድ ወረቀት ላይ የሌላ ሰው ፈጠራ ተብሎ ተጻፈ። ያ መብት በሆላንድ አገር በፍርድ ቤት የተሻረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ፍርዱ የተሰጠውም በዚያው በሆላንድ ዳኛ ነውና አገሩን ሁሉ በአንድ ኩባንያ መፍረድ አይገባም። ለእኛ የሚቀረን ትምህርት ግን ይህ ነው፤ ያላወቁትን ነገር መጠበቅ አይቻልም። ልጆቻችን የእንጀራቸውን ነገር ካላወቁ የእንጀራቸው ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚነግራቸው ሌላ ሰው ይሆናል።

ይህን በማሰብ ያ ፍርድ በተሰጠበት በኅዳር ወር ከአንድ የሳይንስ መምህር ጋር ሆነን 28 ተማሪዎች ይዘን ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ ስናን ወረዳ ወጥተን ነበር። ሰው ውጭ አገር የሚያሰኘው የባሕር መኖር ብቻ ይመስለዋል። ደጀን ላይ ቆሞ ቍልቍል ያየ ሰው ግን ሸለቆው ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ እንደሚወርድ፣ ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር ላይ እንደ ተቀመጠች፣ ጮቄም ከ4,000 ሜትር እንደሚያልፍ ያስታውስ። ከታች ማሽላ፣ ከመካከል ጤፍና ስንዴ፣ ከላይ ገብስና ድንች፣ ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ ይገኛል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሦስትና አራት አገር አለ። የከተማ ልጆቻችን ግን ከዚህ አንዱን እንኳ በቅጡ አያውቁም። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፣ የገዛ አገሩን ያላየ ልጅ በመጀመሪያ ባየው ባዕድ አገር ሁሉ ይደነግጣል።

ለተማሪዎቹ ሦስት ጥያቄ ሰጠናቸው፤ ምን ትዘራላችሁ? ለምን እርሱን ትዘራላችሁ? እንዴት አድርጋችሁ ትመገቡታላችሁ? የሚሉ ናቸው። አንድ ሕግም ጨመርንላቸው፤ ከቤቱ ማእድ ሳይቀምስ ማንም ጥያቄ እንዳይጠይቅ። ቀኑ ረቡዕ፣ ወራቱም የነቢያት ጾም ስለ ነበረ የተቀበሉን ባልና ሚስት ከእኩለ ቀን በኋላ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የገብስ ቆሎ፣ እንዲሁም ገብስና እንግዶ የተቀላቀለበት እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። አንድ የከተማ ልጅ እንጀራውን ቢያገላብጠውና ቢያገላብጠው አፉ ሊያደርሰው አልቻለም። ከዓባይ በረሓ አፋፍ የመጣች አንዲት ልጅ ግን ቈርሳ ጎረሰችና፣ «እንደ እኛ የማሽላ እንጀራ ይህም የሚጣፍጠው በትኩሱ ነው» አለች። የቤቲቱ እመቤት ይህን ሰምታ፣ «ልጄ፣ ምጣድ የምታውቂ ነሽ» ብላ ከአጠገብዋ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ያልተከፈተ ነገር አልነበረም።

ባልዮው ወደ ማሳው ወስዶ እንግዶ የሚዘራበትን ምክንያት አስረዳን። «መሬቱ ኮምጥጧል፤ ገብሱ እንዳኰረፈ ልጅ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። እንግዶ ግን አይመርጥም» አለ። የሳይንሱ መምህርም በዓመት ከ1,300 ሚሊ ሜትር የማያንስ ዝናም በሚወርድበት ደጋ ውሃው ካልሲየሙንና መሰል ማዕድናትን አጥቦ እንደሚወስድ፣ መሬቱም ሳያርፍ ሲታረስ አሲዳማ እንደሚሆን፣ መድኀኒቱም ኖራ እንደ ሆነ አብራራ። ገበሬው፣ «ኖራውንስ ሰምተናል፤ ነገር ግን ለአንድ ጥማድ የሚበቃውን እስከዚህ አቀበት ማን ይሸከመዋል?» ብሎ መለሰለት። ተማሪዎቹ በዚያች ሰዓት የተማሩትን በመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ መድኀኒት ማወቅና መድኀኒት ማድረስ ሁለት ነገር መሆኑን ተማሩ። ዝቅ ባለው አገር ገበሬ የደከመ መሬቱን በግብጦ እንደሚያሳርፍ፣ ምሬቱንም ቆልቶና በወራጅ ውሃ ብዙ ቀን ዘፍዝፎ እንደሚያወጣው ከተማሪዎቹ አንዱ ሲናገር ደግሞ ገበሬው በተራው ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠው።

ልጆቹን እጅግ ያስገረማቸው የድንቹ ነገር ነው። ጮቄን ያለ ድንች ማሰብ አይችሉም ነበር። ድንች ግን ወደ አገራችን የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር በሚባል የጀርመን የዕፀዋት ሊቅ እጅ ነው። በርበሬያችንና በቆሏችንም ቢሆኑ ከአሜሪካ ምድር የተነሡ ናቸው። እንግዲህ የሰው አገር ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ሊወስድ ብቻ አይደለም፤ ሺምፐር በትግራይ ዐርባ ዓመት ያህል ኖሮ በዓድዋ ሲሞት የተወልን ነገር እስከ ዛሬ የደጋውን ድኻ ከመስከረም ረኀብ ያወጣል።

በመጨረሻ ያች ከእመቤቲቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ያልታዘዘችውን አራተኛ ጥያቄ ጠየቀች፤ «እማማ፣ ቀድሞ ይዘራ የነበረ፣ አሁን ግን የቀረ ዘር አለ ወይ?» ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብላ ተነሣችና ከጓዳ በጨርቅ የተቋጠረ ገብስ አወጣች። ሰነፍ ገብስ ነው፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ሰነፍም ቆሎ ሊያደርገው ይችላል ተብሎ እንዲህ እንደ ተጠራ ነገረችን። ምርቱ ጥቂት ስለ ሆነ ጎረቤቶቿ ትተውታል። እርስዋ ግን በየዓመቱ ከጓሮዋ አንዲት መደብ ትዘራለች። ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቃት፣ «እናቴ የሰጠችኝ ነው፤ በእኔ እጅ እንዳይጠፋ ብዬ» አለች። ቫቪሎቭ ባሕር ተሻግሮ የመጣለት፣ በሌኒንግራድ ሰዎች የሞቱለት ነገር በዚያች ጓዳ በእራፊ ጨርቅ ተቋጥሮ ነበር። ለልጅቷ አንድ እፍኝ ሰጠቻት። ልጅቷም በሰኔ ወር በትምህርት ቤታችን ግቢ ዘርታ በጥቅምት ሰበሰበችው፤ አንድ ቁና እንኳ አልሞላም፤ ነገር ግን ዘሩ ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ።

እንግዲህ እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ወደ ሰው አገር የሚሄድ ቢሆን ከሻንጣው በፊት ይህን ስንቅ አሰናዱለት። አንደኛ፣ ወንድ ሴት ሳትሉ እርሾ መጣልን፣ አብሲት ማስገባትን፣ ሽሮ መቀመምን በእጁ ይሥራው፤ የሰው አገር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እንጀራ ነውና። ሁለተኛ፣ አያቶቹ በሕይወት ካሉ ከእነርሱ ዘንድ ሰንብቶ የሚዘሩትን የእህል ዐይነት ሁሉ በየስሙ ይጻፍ፤ ከዚያ ስም አንዳንዱ ከእነርሱ ጋር የሚቀበር ነው። ሦስተኛ፣ ከሄደ በኋላ ጤናውን ብቻ አትጠይቁት፤ ምን እንደ በላ፣ የጋበዙት ሰዎች መሬታቸውን እንዴት እንደሚያርሱ፣ ውሃቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ጠይቁት። እናት እንዲህ ያለውን ነገር ስትጠይቅ ልጅዋ መምህርዋ ይሆናል፤ እርሱም ሲጠይቃት እርስዋ መምህርቱ ትሆናለች፤ በሁለቱም መንገድ ቤቱ አይዘጋም።

ልጆቻችን የሰውን አገር ጥበብ ይዘው እንዲመለሱልን እንመኛለን፤ መመኘታችንም ተገቢ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት የሚቀረው፣ አፈሩን ከጐርፍ የሚያድን፣ ኖራውን ወደ አቀበቱ የሚያደርስ ሰው ስናገኝ ነው። ነገር ግን በሌላው ማእድ ላይ በሙሉ ልብ የሚቀመጥ፣ የቀረበለትንም በአክብሮት የሚቀምስ፣ የእርሱንም ሳያፍር የሚናገር፣ የእናቱን ጓዳ የሚያውቅ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን።